አደጋ ጸሐፊዋ

ሥራዋ ይኸው ነው፣ ደመወዝ ያላት፦
ያልሆነውን ማየት፣ ያልመጣውን መዓት
በቁጥር በቁጥሩ መዝገብ ላይ መክተት።
ፕሩደንስያ ባሎሎይ፣ የአባካ ፈታይ ልጅ፤
እናቷ ገመድ ስትገምድ፣ እሷ ጥፋት ታበጅ።

ዘመኑ አያቶቻችን «ወደፊት» ይሉት የነበረው ነው።
ጣቢያው በቢኮል ምድር፣ ከተራራው ጉያ ተሸጉጧል፣
ቧንቧው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቁልቁል ሰርስሮ ገብቷል፤
እዚያ ታች ውኃ ፈሳሽነቱን ረስቷል፣
እንፋሎት መሆንም አቅቶታል፣
ስም የሌለው ነገር ሆኖ ከቀለጠ ዐለት ጎን ተኝቷል።
እሱ ሲያንኮራፋ ሰባት ደሴት መብራት ያበራል።

እኔ ቴዎዱሎ ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ።
ቀን የጻፈችውን ሲመሽ ለማሽኑ አነባለሁ፤
ማሽኑ በሐሳቡ ይቃጠላል፣ በሐሳቡ ይሰምጣል፣
ሞቶ ያድርና ሲነጋ
«የት ላይ ተሳሳትኩ?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ቁጥር ሦስት፦ ምድር ትንቀጠቀጣለች፤
ቧንቧውን እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዛ ትጨምቃለች።
ቁጥር አርባ፦ ታይፉን ጣሪያውን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ ይሄዳል፤
ጣቢያው ዓይኑን ያጣል፣ ግን መጋለቡን አያቆምም።
ከአርባ አንድ እስከ ስድሳ ስለ ቫልቭ ብቻ ነው።
አሰልቺ ነው፤ እኔ ተኝቼ እንኳ እጄ ያውቀዋል።
ቁጥር መቶ ሰባት፦ የድኝ ጋዝ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤
«ሲሸታችሁ አትፍሩ» ብላ ጽፋለች፣
«መሽተቱን ሲተው ሩጡ።
መጀመሪያ ዝም የሚሉት ዶሮዎቹ ናቸው።»
ቁጥር ሁለት መቶ ዘጠና፦ ዐለቱ ራሱ ቀልጦ ሽቅብ ይመጣል፣
ሳይጠራ እንደ መጣ እንግዳ በሩን በትከሻው ይገፋል።

ቁጥር ሦስት መቶ አሥር አጭር ነው፦
ማሽኑ ይዋሻል፤ «ሁሉ ደኅና» ይላል።
ይህን ሳነብለት
ከመቼውም ይልቅ ረጅም ዝምታ ዝም አለ።

አንድ ቀን ጠየቅኋት፦ «ሌሊት እንዴት ትተኛለሽ?»
እርሳሷን ነክሳ፣ «የጻፍኩትን አልፈራም» አለች፤
«ቀለም የነካው አውሬ ጥርሱ ይረግፋል።
የምፈራውማ
በዚህ ገጽና በሚቀጥለው መካከል የሚያልፈውን ነው።»

ዓመቱ አለቀ። ከላይ የመጡ ሰዎች መዝገቡን ገለጡ።
የደረሰ ጉዳት፦ አንድ።
የፕሩደንስያ አውራ ጣት፣
በምሳ ሰዓት፣ በኩሽና፣
የሩዝ ድስት ክዳን ስትከፍት።
«እንፋሎት ያው እንፋሎት ነው» ብላ
ራሷ በፋሻ በተጠቀለለ እጇ መዘገበችው።

ጡረታ ስትወጣ መዝገቡን ለእኔ ተወችው።
የመጨረሻው ገጽ፣ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሦስት፦
«አንድ ሌሊት ምንም አይፈነዳም።
ተራራው ይሰለቻል። ትንፋሹ ቀስ በቀስ ይሳሳል፤
ማንቂያው አይጮኽም፤ እሱ የተሠራው ለብዙ እንጂ ለጥቂት አይደለም።
ማንም አይሞትም።
ጠዋት አንዲት ሴት እንደ ልማዷ
በትኩሱ አፈር ውስጥ ያሳደረችውን ጎደሬ ቆፍራ ታወጣለች፤
ጥሬ ነው።»

ይህን ለማሽኑ አላነበብኩለትም።
ለምን እንደሆነ እንጃ፤
ምናልባት ሲነጋ የሚጠይቀኝን ፈርቼ።

ትናንት ከተራ ስወጣ ጎህ አልቀደደም ነበር።
ከአጥሩ ማዶ፣ መንደርተኛው ከሚቀብርበት ስፍራ፣
ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ፣
አንድ ጎደሬ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ቀበርኩ፤
አጠገቡ ቁጭ አልኩ።
ከኋላዬ ጣቢያው ያጉረመርማል፤ ልሰማው አልፈለግሁም።
ሰማዩ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ቢጫ።
አንድ ውሻ መጥቶ አሸተተኝና ሄደ።

አወጣሁት። ቅጠሉን ላጥኩት።
ሳላቀዘቅዝ ነከስኩት፤
ምላሴን አቃጠለኝ።

ደስ አለኝ።